ያልጠየቀው ቀያሽ

መቱ ውስጥ ጥሩ ኮት ያማረው ሰው ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊው፣ ዲያቆኑ፣ ሙሽራው፣ የቡና ነጋዴው፣ ሁሉም በእኔ ሜትር ተለክተዋል። ከዚህ ይበልጥ የምኮራበት ግን ትምህርት ቤት አንድም ቀን ሳልገባ አንባቢ መሆኔ ነው። ልጅ ሆኜ ልብስ ስፌት ስለምድ የእጅጌና የአንገትጌ ልክ የምናወጣው በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነበር። ከመቀሱ የተረፈውን ቁራጭ ኪሴ እከትና ምሳ ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን "ይቺ ማን ትባላለች?" እያልኩ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ኋላም ክልሉ ኦሮሚያ ሆኖ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሁሉ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ ሲጻፍ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ደብዳቤያቸውን የሚያነብላቸው ፍለጋ ሲዞሩ፣ እኔ ከሱቅ ታፔላ ላይ ተምሬ ጨርሼ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሞኝነት የሠራሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ክረምት ነው። በክረምት ሥራ ይቀዘቅዛል። የገጠሩ ሰው መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ወደ ከተማ አይወጣም፤ ለአዲስ ዓመት የሚያሰፋው ደግሞ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቅ አይልም። ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሱቄ ውስጥ ተሰብስበን አንድ መጽሐፍ በአንድ ላይ እናነብ ነበር። አራት ነበርን። አንዱ ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነው፤ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ይመጣል፣ ከንባቡ ይልቅ ሳቁን ይወዳል። ሁለተኛዋ ያዮ ተወልዳ እዚህ መቱ አፋን ኦሮሞ የምታስተምር ወጣት መምህርት ነበረች፤ ምላሷ ከእኔ መቀስ ይስላል። ሦስተኛዋ ሲስተር ነበሩ። አራተኛው እኔ፣ አንባቢው።

ሲስተር የምላቸው በሙያቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። ከተማው ውስጥ እሳቸው ያልወጉት ሰው ጥቂት ነው።

"እናንተ ሁለታችሁ እኮ የምትኖሩት በመርፌ ነው" ይል ነበር ጨርቅ ነጋዴው። "እሳቸው ይወጉናል፣ እርስዎ ይሰፉናል።"

"የኔው አያምም" አልኩት።

"ዋጋውን ሲናገሩ ያማል እንጂ፣ ጋሼ!"

ሲስተር በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ ያን ሳቅ ለማየት ብዬ ስንት ቀልድ ከቤቴ አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። ባለቤቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሴት አላሰብኩም ብል ማንም ያምነኝ ነበር፣ ምክንያቱም እውነት ነው። እስከዚያ ክረምት ድረስ።

መጽሐፉን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ርዕሱን እስከ ዛሬ የማላውቀው የፍቅር ልብ ወለድ ነው። አንድ የመንገድ ቀያሽ ለአንድ ክረምት ብቻ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ተልኮ ይሄዳል። ዝናቡ ሥራውን ያስቆምበታል። ያረፈበት ቤት ልጅ ፖስታ ቤት ትሠራለች፤ ለእሱ የሚመጣ ደብዳቤ ባይኖርም በየቀኑ "ደብዳቤ አለኝ?" እያለ መስኮቷ ላይ ይቆማል። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። ግን እንዴት እንደተጻፈ! እኔ ደግሞ ማንበብ አውቅበታለሁ። ቀያሹን በወፍራም ድምፅ፣ ልጅቷን በቀጭን፣ አከራይዋን አሮጊት በአፍንጫዬ እያነበብኩ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን፣ ሦስት ሰዓት እንደ ሦስት ደቂቃ ያልፍ ነበር። አከራይዋ ቀያሹን በጓሮ በር ስታባርረው ጨርቅ ነጋዴው ከአግዳሚው ላይ ሊወድቅ ደረሰ። መምህርቷ ደግሞ "ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ! አንዴ ይድገሙት!" ትለኛለች። እደግማለሁ።

አንድ ደንብ ነበረን። የመቱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር ሰው የገዛ ራሱን ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ አንባቢው ገጹ ላይ ክር ያስቀምጥና መጽሐፉን ይዘጋል፤ እስኪያባራ ማንም ወደፊት ገልጦ አያይም። በዚያን ጊዜ ማውራት የፈለገ ሰው ከሌላው ጆሮ ሥር ተጠግቶ መናገር አለበት። ጨርቅ ነጋዴው መምህርቷን ስለ ባል ይነዘንዛታል። ሲስተር በርጩማቸውን ወደ ስፌት መኪናዬ ያስጠጉና ስለ ታሪኩ በጆሮዬ ይነግሩኛል። "ይህቺ ልጅ ትወደዋለች፣ ግን ቀድማ አትናገርም" አሉኝ አንድ ቀን። ትንፋሻቸው ጆሮዬን ነካው። እኔ ስለ ደራሲው አጻጻፍ የማውቀውን ሁሉ መልሼ ጮህኩባቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ ቅዳሜ ሲደርስ ሰማዩን የማየው እንዲጠቁር እየተመኘሁ ነበር።

ሐምሌ እየተገባደደ ሳለ አንድ ቅዳሜ፣ በንባቡ መሐል የሲስተር ስልክ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ነበረች። ጠቅልለው እሷ ጋ እንዲገቡ ከፋሲካ ጀምሮ እየለመነቻቸው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

"እመጣለሁ አልኩሽ እኮ" አሏት። "አሁን መጽሐፍ ይዘናል። እሱ ይለቅና እመጣለሁ።" አዳመጧት። "አዎ፣ የምሬን ነው። መጽሐፉ ባለቀ በሳምንቱ።"

ስልኩን ዘጉና "ይቀጥሉ፣ ጋሼ" አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ በአውራ ጣቴ የቀረውን ገጽ ዳሰስኩት። በጣም ስስ ነበር። በጣም ቢጎተት ሁለት ቅዳሜ ነው።

ሲስተር እንዳይሄዱ ፈለግሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ቤታቸው ሄዶ "አይሂዱብኝ" ይላቸው ነበር። እኔ ግን ሌላ ሰው ስላልሆንኩ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ።

ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት አዲስ ምዕራፍ ልጨምር ወሰንኩ። የደራሲውን አጻጻፍ አጥንቼዋለሁ፤ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ይወዳል፣ ዝናብ ሳይጠቅስ ገጽ አያልፍም። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት እጽፍና ቅዳሜ ወረቀቱን በመጽሐፉ መሐል ደብቄ፣ መኪናዬ ጀርባ ተቀምጬ አነባለሁ። እነሱ ፊት ለፊቴ አግዳሚውና በርጩማው ላይ ስለሆኑ የሚያዩት የመጽሐፉን ጀርባ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ያነበብኩት እየፈራሁ ነው። ጨርቅ ነጋዴው በመሐል "ወይ ጉድ! ይሄ ሰውዬ መጨረሻ ላይ አመረረ እኮ!" ሲል ግን ልቤ ሞላ። አያችሁ፤ የታተመ ደራሲና ያልታተመ ልብስ ሰፊ መለየት አልቻለም። በሁለተኛው ቅዳሜ ቀያሹ የተናደ ድልድይ ብቻውን ጠገነ። በሦስተኛው ከጎርፍ ውስጥ አንዲት ላም አወጣ። በአራተኛው ልጅቷ የለበሰችውን ካፖርት አይቶ አንገትጌው ውስጥ የገባው ማጠንከሪያ ርካሽ መሆኑን፣ ገበሩም ከታች ሁለት ጣት ማጠሩን ነገራት።

"ቆይ ቆይ" አለች መምህርቷ። "ይሄ ቀያሽ መቼ ነው ልብስ ሰፊ የሆነው?"

"የተማረ ሰው ብዙ ያውቃል" አልኳት።

"ዱጋ፣ እውነት ነው! ግን ፍቅር ነው ወይስ ልኬት ነው የያዘው? አራት ሳምንት ሙሉ ሥራውን ሲያሳያት እኮ ነው የከረመው። አንድ ነገር ጠይቋት ያውቃል?"

"ድልድይ ሠራላት እኮ!" አለ ጨርቅ ነጋዴው።

"ድልድይ ታግባ እንግዲህ!"

ሁሉም ሳቀ፣ ከሲስተር በቀር። እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው እኔን ያዩኝ ነበር። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ክሩን አስቀመጥኩ፣ መጽሐፉን ዘጋሁ። ሲስተር በርጩማቸውን አስጠጉ።

"ጋሼ" አሉኝ በጆሮዬ፣ "ይህን መጽሐፍ ነርስነት ከምማርበት ጊዜ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ያውቃሉ?"

መጽሐፉን ያመጡት እሳቸው ሆነው ሳለ አንብበውት ይሆናል ብዬ አንዲት ቀን እንኳን አላሰብኩም ነበር። እኔ ያላነበብኩትን ሌላ ሰው ቀድሞኝ ያነባል ብዬ አላስብም።

"መቼ አወቁብኝ?"

"የራስዎን የመጀመሪያ ገጽ ሲያነቡ።"

አራት ቅዳሜ። አራት ቅዳሜ ሙሉ አውቀው ተቀምጠው ሲሰሙኝ ከርመዋል። ለልጃቸውም "ገና አላለቀም" ሲሉ ከርመዋል። ዝናቡ እየጮኸ ነበርና እሳቸውም ጮክ ማለት ነበረባቸው፤ እሳቸው ደግሞ መጮህ አይወዱም፤ ስለዚህ ይበልጥ ተጠጉኝ።

"መጨረሻውንም እርስዎ ይጻፉት። የመጽሐፉን መጨረሻ አልፈልገውም፤ አውቀዋለሁ፣ ልጅቷ ትታው ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ቀያሹ ምን እንደሚላት ከእርስዎ መስማት ነው የምፈልገው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያምጡልኝ። ከዚያ በኋላ አልጨምርም፣ ልጄን ብዙ አስጠብቄያታለሁ።"

አልገባኝም ብዬ አላታልልም። ገብቶኛል። ከዚህ የበለጠ እንዴት ይነገረኝ ነበር?

ያን ሳምንት ለአዲስ ዓመት የሚያሰፋው ሰው መጉረፍ ጀምሮ ነበር፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቼ ጻፍኩ። በመጀመሪያ የጻፍኩት አንድ ገጽ የማይሞላ ነው። ቀያሹ ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ይሄድና "ደብዳቤ አለኝ ወይ ብዬ የምጠይቅሽ አንቺን ለማየት ነው። አትሂጂብኝ። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ ወይ?" ይላታል። በቃ። ደጋግሜ አነበብኩት። እጄ ላይ ትንሽ ሆነብኝ። ድልድይ የጠገነ ሰው፣ ላም ከጎርፍ ያወጣ ሰው፣ መስኮት ላይ ቆሞ ሲለምን ታየኝ። "እምቢ" ብትለውስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ሱቅ ውስጥ? ሲስተርስ ቢሉኝ? ወረቀቱን ቀደድኩት።

ቀጥሎ የጻፍኩት ስምንት ገጽ ነው። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ በአማርኛው የሚበልጠው እሱ ነው፤ አሁንም እላለሁ። ልጅቷ በዝናብ በስብሳ የቀያሹን በር ታንኳኳለች። እሱ ካርታ ላይ አጎንብሶ እየሠራ ነው። ቀና ሳይል "ግቢ" ይላታል። እሷ ቆማ ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ ትቆጥርለታለች፤ ድልድዩን፣ ላሟን፣ ስለ ካፖርቷ የነገራትን እንኳን። እንደ እሱ ያለ ሰው አይታ እንደማታውቅ፣ ያለ እሱ መኖር እንደማትችል፣ እንዲያስቀራት ትለምነዋለች። እሱ እርሳሱን ያስቀምጥና ፈገግ ይላል። መጨረሻው ያ ፈገግታ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። ነጩን ሸሚዜን ለብሼ፣ እንደዚያ አሳምሬ አንብቤ አላውቅም። ስጨርስ ጨርቅ ነጋዴው አጨበጨበ። "እንዲህ ነው ወንድ!" አለ። መምህርቷ አገጯን በእጇ ይዛ "እሱ ግን ምንም አላለም እኮ" አለች። "እሷ በስብሳ መጣች፣ እሷ ለመነች። እሱ ምን አላት?"

"ፈገግ አለ" አልኳት።

"ፈገግ ማለት መልስ ነው እንዴ?"

ሁለቱም ወደ ሲስተር ዞሩ። ሲስተር አንገታቸውን ደፍተው ነጠላቸውን ያስተካክሉ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ ቀና ብለው "አማርኛው በጣም ያምራል፣ ጋሼ" አሉኝ። ለበሽተኛ የሚያወሩበት ድምፅ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ ባለቤቴ አልጋ ላይ ሳለች እሷን ሲያክሙ እኔን የሚያናግሩኝ በእሱ ነበር። ጃንጥላቸውን አነሡ፣ ሦስታችንንም ጨበጡን። መጽሐፉን ልሰጣቸው ስዘረጋ "እርስዎ ጋ ይቀመጥ" አሉኝ።

እሑድ ቤታቸው ልሄድ ተነሣሁ። ጫማዬን ጠርጌ፣ ከረባት አስሬ፣ አስፋልቱ ድረስ ወጣሁ። እዚያ ቆሜ ምን እንደምል ሳሰላስል አንድ ደንበኛዬ አየኝና "ጋሼ፣ ዘንጠዋል! ሠርግ አለ እንዴ?" አለኝ። "ለምን አይኖርም?" አልኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ጨርቅ ነጋዴው ሻንጣቸውን በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሊያደርስላቸው ሲሄድ "አይመጡም እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። የአዲስ ዓመት ሥራ ተቆልሎብኛል አልኩት። ተቆልሎብኝ ነበር፤ ውሸት አይደለም። የአዲስ አበባው መኪና በእኔ በር ነው የሚያልፈው። ሲመጣ ድምፁን ሰማሁ። መርፌ ላይ ክር ላስገባ አጎነበስኩ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ክር የማስገባ ሰው፣ መኪናው አልፎ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ክሩን ማስገባት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አልተሰበሰብንም። መምህርቷ ሁለት ጊዜ መጥታ ሌላ መጽሐፍ እንድጀምር ጠየቀችኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል አልኳት። በሁለተኛው ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ብዙ ካየችኝ በኋላ "ናፍቀዎታል አይደል?" አለችኝ። "ማን?" አልኳት። "እሺ፣ ጋሼ" ብላ ሄደች።

ጥር ሲገባ፣ ለጥምቀት የሚያሰፋው ሰው አግዳሚውን ሞልቶት ሳለ፣ ከመኪናዬ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና ደወልኩ። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም፤ አንድ ነገር ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ሲስተር ራሳቸው አነሡት። ከኋላቸው ሕፃን ያለቅሳል።

"ጋሼ! እንዴት ነዎት? ቡናው ተለቀመ? አሁን ምን እያነበባችሁ ነው?"

"ከእርስዎ ወዲህ አላነበብንም።" ከዚህ በኋላ አፌ እንደ ልማዱ ስለሰፋሁት ካባ፣ ስለመጣልኝ አዲስ የስፌት መኪና ሊያወራ ነበር። ያዝኩት። "ሲስተር፣ ቀያሹ መጠየቅ ነበረበት።"

ሕፃኑን እሹሩሩ ሲሉት ይሰማኛል። ከዚያ "ቀያሹን ይተዉት" አሉ።

"እሺ። እኔ መጠየቅ ነበረብኝ። አይሂዱብኝ ማለት ነበረብኝ። ከእኔ ጋር ይኑሩ ማለት ነበረብኝ።"

"አዎ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ነበረብዎት።"

"አሁን ብልዎትስ?"

"አሁንማ ይህን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። እናቱ ሥራ የገባችው እኔን ተማምና ነው። ጥያት የት እመጣለሁ?"

"አውቃለሁ" አልኩ። አላውቅም ነበር። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። በዚያን ቅዳሜ ጠይቄዎት ቢሆን ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?"

ሳቁ። ያ በነጠላ የሚሸፍኑት ሳቅ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ሳቅ መሆኑ ቀረ።

"ያንን አልነግርዎትም፣ ጋሼ።"

"ለምን?"

"ሌላውን ሁሉ እርስዎ ጻፉት። ይቺን እንኳን ለእኔ ይተዉልኝ።"

ደህና ይሁኑ ተባባልን። ጤናዬን እንድጠብቅ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን እንዳላቋርጥ ነገሩኝ፤ እሺ አልኩ። ጓሮ ውስጥ ትንሽ ቆምኩና ገብቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰዉ እየጠበቀኝ ነበር። የአንድ ባጃጅ ነጂ ሱሪ በእጄ ነበር፤ የቀረው የእግሩን ጫፍ ማጠፍ ብቻ ነው። ሰፋሁለት። ከመጋረጃው ጀርባ ሊለካው ገባ፤ ሲታገል ቆየና በአንድ እግሩ እየዘለለ ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄኛው እግሬ በየት ይውጣ?"

ፊትና ኋላውን አንድ ላይ ሰፍቼ ደፍኜዋለሁ። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ ከተማ ስሰፋ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም፤ የሚያውቁኝ ይመስክሩ። መኪናው ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "አውልቀህ ስጠኝ፣ ልተርትረው።"

ምላጩን አነሣሁና አጎንብሼ ክሩን አንድ በአንድ መቁረጥ ጀመርኩ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ቀና አላልኩም።